ሲሊዮኒዴ ናት ወይስ ፕላቲጋስትሪዴ? ከተምች እንቁላል የወጣች ጥቁር ተርብ

የበቆሎዋ_ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ የነፍሳት ሰዎች። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ርዕሴ የአሜሪካ መጤ ተምች የተፈጥሮ ጠላቶች ላይ ነው፣ ናሙና የምሰበስበው ባኮ አካባቢ ካሉ የበቆሎ ማሳዎች ነው። የተምቹን እንቁላል ከነቅጠሉ ቆርጬ ትንንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቼ አፉን በጥጥ ወትፌ አስቀምጣለሁ። ትሉ ይፈለፈላል ብዬ ስጠብቅ አንዳንዱ እንቁላል ጠቁሮ ይቀርና ከሳምንት አለፍ ሲል ትል ሳይሆን ነጥብ የምታክል ጥቁር ተርብ ናት ቀዳ የምትወጣው።

ላብ ወስጄ በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ አየኋት፣ የማስነርን የ1976 መለያ ቁልፍ (በአካል ምልክት ደረጃ በደረጃ እየለዩ ስም የሚደረስበት ዝርዝር) ይዤ ስሄድ ቴሌኖመስ የሚባለው ጂነስ (የቅርብ ዘመዳሞች ወገን) ላይ አደረሰኝ፣ ቁልፉ ደግሞ የተሠራው ሲሊዮኒዴ ለሚባለው ፋሚሊ (ብዙ ጂነስ ለሚይዝ ቤተሰብ) ነው። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ የመጣው ጽሑፍ ሳነብ ነው፣ በ2012 እና በ2015 የወጡት ይህንኑ ቴሌኖመስ ፕላቲጋስትሪዴ ውስጥ ነው የሚያስገቡት፣ የ2022ቱ ደግሞ መልሶ ሲሊዮኒዴ ይላል። አማካሪዬን ጠየቅኩ፣ "ሲሊዮኒዴ የሚባል ፋሚሊ ከተሻረ ቆየ፣ ፕላቲጋስትሪዴ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። እሺ ብዬ ጽፌ ፕሮፖዛል ሳቀርብ ሌላ መምህር ተነስቶ "ይሄ ስህተት ነው አስተካክይ" አለኝ በሰው ፊት። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንዲሉ መሀል ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። ማን ነው ትክክል? ቲሲሱ ላይስ የቱን ልጻፍ? የምታውቁ ካላችሁ ባካችሁ።

ጉንዳን_ጠባቂ፦

ከፋሚሊው ክርክር በፊት እሷ ራሷ ማን እንደሆነች እናረጋግጥ፣ ምክንያቱም ከተምች እንቁላል የሚወጣ ሁሉ ቴሌኖመስ አይደለም። በጣም የምትምታታው ትሪኮግራማ የምትባል ሌላ ጥቃቅን ተርብ ናት፣ እሷም እንቁላሉን ታጠቁረዋለች። የእግሯን ጫፍ ታርሰሱን እይው፣ ሦስት ክፍል ብቻ ከሆነ ትሪኮግራማ ናት፣ አምስት ከሆነ ወደ ቴሌኖመስ መሄድ ትችያለሽ። ቀለሟም ይረዳሻል፣ ትሪኮግራማ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ወይ ቡናማ ትሆንና ዓይኗ ቀይ ነው፣ ክንፏ ላይ ያሉት ፀጉሮችም በመስመር የተሰለፉ ናቸው። ቴሌኖመስ ግን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነገር ናት፣ አንቴናዋም ታች አፏ አጠገብ ነው የሚነሳው።

ሌላዋ ኬሎነስ ናት፣ ብራኮኒዴ የሚባል የሌላ ተርብ ፋሚሊ ዘር። እሷም የምትወጋው እንቁላሉን ነው ግን እንቁላሉ አይጠቁርም፣ ትሉ በደንብ ተፈልፍሎ ትንሽ ካደገ በኋላ ነው ከትሉ ውስጥ የምትወጣው፣ ስለዚህ ያንቺ እሷ አይደለችም። ታርሰሱን ቆጥረሽ ንገሪን እስኪ።

የበቆሎዋ_ልጅ፦

አምስት ነው ቆጥሬዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። ጥቁር ናት፣ የሴቷ አንቴና ጫፉ ላይ ይወፍራል፣ የወንዱ ግን የተሰካካ ጨሌ ነው የሚመስለው። ክንፏ ላይ ደም ሥሮቹ አሉ፣ ከፊት ጠርዙ የምትነሳ አጭር ቅርንጫፍም ትታየኛለች።

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ከወጡት ውስጥ አንዷን ሴት አዲስ የተጣለ እንቁላል ላይ ለቅቄ ማይክሮስኮፑ ሥር አየኋት። መጀመሪያ በአንቴናዋ እንቁላሉን ትደበድበዋለች፣ ከዛ ዞር ትልና መውጊያዋን ሰክታ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ስትጨርስ ግን አትሄድም፣ በመውጊያዋ ጫፍ የእንቁላሉን ቅርፊት ወዲያ ወዲህ ትጭረዋለች። ምን እያደረገች ነው ብዬ ነው የቀረሁት። ወንዶቹ ደግሞ ቀድመው ወጥተው የእንቁላሉ ክምር ላይ ሲዞሩ ነበር የሚያድሩት።

ጉንዳን_ጠባቂ፦

እየፈረመች ነው። ያ ጭረት "ይሄ ተይዟል" ማለት ነው፣ ሌላ ሴት ወይም ራሷ ተመልሳ ስትመጣ በአንቴናዋ አሽትታ ትተወዋለች፣ ምክንያቱም አንድ እንቁላል የሚያሳድገው አንዲት ተርብ ብቻ ነው፣ ሁለት ከገቡ አንዷ መሞቷ አይቀርም። ወንዶቹ የሚዞሩት እህቶቻቸውን እየጠበቁ ነው፣ እዛው ክምሩ ላይ ይገናኛሉ። ያልተገናኘች ሴት ብትጥልም ትወልዳለች ግን ወንድ ብቻ ነው የሚወጣላት፣ የተርብ ነገር እንዲህ ነው። ቴሌኖመስ መሆኗን አሁን አልጠራጠርም። ትሪሶልከስ የምትባለዋ ዘመዷ እንዳትሆን ካልሽ ሆዷን ከላይ እይው፣ ትልቁ የጀርባ ሳህን በትሪሶልከስ ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል፣ በቴሌኖመስ ግን ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ነው የሚበልጠው፣ በዚያ ላይ ትሪሶልከስ በአብዛኛው የሚሸቱትን ትኋኖች እንቁላል ነው የምትፈልገው፣ የእሳት ራት ጉዳይዋ አይደለም።

የፋሚሊውን ነገር ለሚያውቀው ልተወው፣ ጥቃቅን_ክንፎች የት ነህ?

ጥቃቅን_ክንፎች፦

አለሁ አለሁ። እህቴ ሁለቱም መምህሮችሽ ከሜዳ ተነስተው አይደለም የተናገሩት፣ የተለያየ ዓመት ላይ ቆመው ነው የሚያወሩት። ትንሽ ይረዝማል ቡና አፍልተሽ አንብቢው።

ሃሊዴይ የሚባል አየርላንዳዊ ተፈጥሮ አጥኚ ነው ሁለቱንም ያወጣቸው፣ ፕላቲጋስትሪዴን በ1833 ሲሊዮኒዴን በ1839። እነዚህ ዓመታት በኋላ ስለሚያስፈልጉን ያዣቸው። ከዛ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኖሩ፣ መለየቱም ያን ያህል አያስቸግርም ነበር፣ ፕላቲጋስትሪዴዎቹ ክንፋቸው ላይ የደም ሥር የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለም፣ አንቴናቸው ከአሥር ክፍል አይበልጥም፣ የሚያጠቁትም በብዛት ቅጠል ላይ እብጠት የሚሠሩትን ትንንሽ ዝንቦችና ነጭ ዝንብን ነው። ሲሊዮኒዴዎቹ የክንፍ ሥር አላቸው፣ የሚጥሉትም እንቁላል ውስጥ ብቻ ነው፣ የነፍሳት ይሁን የሸረሪት እንቁላል። በድሮ መጻሕፍት ሁለቱንም ፕሮክቶትሩፖይዲያ በሚል ሱፐርፋሚሊ (ፋሚሊዎችን የሚሰበስብ ከፍ ያለ ደረጃ) ሥር ነው የምታገኚያቸው፣ በኋላ ፕላቲጋስትሮይዲያ ተብሎ የራሳቸው ሱፐርፋሚሊ ወጣላቸው።

በ2007 ነው ነገሩ የተናጋው። 18ኤስ፣ 28ኤስ እና ሲኦዋን የሚባሉትን ሦስት ጂኖች ወስደው የዘር ሐረጋቸውን ሲሠሩት ፕላቲጋስትሪዴ ከሲሊዮኒዴ ጎን ሳይሆን ከሲሊዮኒዴ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ለምን ችግር ሆነ? የዛሬ ዘመን ምደባ ሕጉ አንድ ፋሚሊ አንድን ቅድመ አያትና ከእሱ የተወለዱትን በሙሉ መያዝ አለበት ይላል። የአንድ አያት ልጆችን ሁሉ በአንድ ስም ጠርተሽ አንዱን የልጅ ልጅ ብቻ ክንፉ ላይ ሥር ስለሌለው ከዘር ማውጣት አትችይም። ስለዚህ አማራጩ ሁለት ነበር፣ ወይ ሁሉንም መቀላቀል ወይ ሲሊዮኒዴን ቆራርጦ ብዙ ፋሚሊ ማድረግ። በሦስት ጂን ለመቆራረጥ ማስረጃው አይበቃም ነበርና ቀላቀሏቸው፣ ሲቀላቀሉ ደግሞ ቀድሞ የወጣው ስም ነው የሚቀረው፣ ከ1833ና ከ1839 የቱ እንደሚቀድም ታውቂያለሽ። ሲሊዮኒዴ በዚህ ተሻረ፣ አማካሪሽ የሚያስታውሰው ይሄን ነው። የ2012 እና የ2015 ጽሑፎችሽም ይህንኑ ተከትለው ነው ቴሌኖመስን ፕላቲጋስትሪዴ ያሉት።

እንደኔ አመለካከት ያ ውህደት ትክክለኛ ጥንቃቄ ነበር ግን ለሥራ አይመችም ነበር። ከ4,000 በላይ ስፒሽስ አንድ ፋሚሊ ውስጥ ታጨቀ፣ ሱፐርፋሚሊው ውስጥም የቀረው አንድ ፋሚሊ ብቻ ሆነ፣ ታዲያ ሁለት ደረጃ ላይ ሁለት ስም ይዞ የሚጠራው ያው አንድ ነገር ከሆነ ምን ይጠቅማል? የእብጠት ዝንብ የምታጠቃዋና የሸረሪት እንቁላል የምትፈልገዋ እኩል "ፕላቲጋስትሪድ" ሲባሉ መስክ ላይ የሚሠራ ሰው ከስሙ የሚያገኘው መረጃ የለም።

በ2021 ደግሞ ብዙ ጂነስ ሰብስበው፣ ተጨማሪ ጂን ጨምረው፣ የአካል ቅርጹንም አብረው አይተው እንደገና ሠሩት። ያኔ የታየው ድሮ ሲሊዮኒዴ ተብለው ከተያዙት ውስጥ የተወሰኑት እውነትም የሌላ ግንድ መሆናቸው ነው። እነሱን አውጥተው የየራሳቸው ፋሚሊ ሰጧቸው፣ ኒክሶኒዴ፣ ስፓራሲዮኒዴ፣ ኒውሮሲሊዮኒዴ፣ ጂኦሲሊዮኒዴ፣ ጃንዜኔሊዴ። በአምበር (በደነደነ የጥንት ዛፍ ሙጫ) ውስጥ ብቻ የምትታወቀዋ ፕሮቴሮሲሊዮፕሲዴም አለች፣ እሷ ከጠፋች ቆየች። እነዚህ ሲወጡ የቀረው ሲሊዮኒዴ ንጹሕ የአንድ አያት ዘር ሆነ፣ ስሙም ተመለሰለት፣ ፕላቲጋስትሪዴም ወደ ጥንቱ ቦታው ሄደ። በሕይወት ያሉት ሰባት ፋሚሊ፣ የጠፋው አንድ። ቴሌኖመስ ሲሊዮኒዴ ውስጥ ናት። ያኛው መምህር ትክክል ነው፣ ሰው ፊት ባይናገርሽ ጥሩ ነበር እንጂ።

ዲኤ_ነኝ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ልማት ሠራተኛ ነኝ፣ አንብቤ ጨረስኩት ደስም ይላል ግን ገበሬው ምን አገባው? ሲሊዮኒዴ በሏት ፕላቲጋስትሪዴ እኔ ቀበሌ ያለው ሰው የሚጠይቀኝ "ትሉን ትገላለች ወይ፣ መቼ ታመጡልናላችሁ" ነው። ተምቹ በእኛ አቆጣጠር በ2009 በደቡብ በኩል ከገባ ጀምሮ በእጅ ልቀሙ ስንል መድኃኒት ርጩ ስንል ነው የከረምነው፣ እናንተ ደግሞ ስም ትቀያይራላችሁ።

አባይ_ማዶ፦

ወንድም ጥያቄህ አግባብ ነው፣ ግን ይቺን ስማ። ቴሌኖመስ ሬመስ የምትባል ስፒሽስ አለች፣ ኒክሰን በ1937 ከማሌዥያ ናሙና ነው የሰየማት፣ የተምቹን ዘመዶች እንቁላል በማጥፋት የታወቀች ናት፣ ሕንድ በ1963 ከኒው ጊኒ አስመጥታ ለቅቃታለች፣ ላቲን አሜሪካም ለዓመታት ተሠርቶባታል። የአሜሪካ ተምች አፍሪካን ሲያጥለቀልቅ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰበው "እሷን ከውጭ እናስመጣ" ነበር። ከውጭ ነፍሳት ማስመጣት ምን ያህል ወረቀት፣ ምን ያህል ኳራንቲን እንዳለው ታውቃለህ፣ ሌላ ነገር ብታጠቃስ የሚለው ጥናት ብቻውን ዓመታት ይፈጃል። በ2019 ግን የታክሶኖሚ (የምደባና የስያሜ) ሰዎች ከቤኒን፣ ከኮትዲቯር፣ ከኒጀር፣ ከኬንያና ከደቡብ አፍሪካ የተሰበሰቡ ተርቦችን ቅርጻቸውንም ዲኤንኤአቸውንም አይተው "ይሄማ ራሷ ቴሌኖመስ ሬመስ ናት፣ አህጉሩ ላይ አለች" አሉ። አለቀ። አገር ውስጥ ያለችውን ማርባት ከባሕር ማዶ ከማስመጣት ጋር አንድ አይደለም። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ሥር ስም ስለሰጣት ነው።

ትገላለች ወይ ላልከው፣ ትገላለች፣ ያውም ትሉ ሳይፈለፈል። የተምቿ እናት እንቁላሏን ደራርባ ጥላ ከላይ በሰውነቷ ብናኝ ትሸፍነዋለች፣ ትሪኮግራማ ያን ሽፋን አልፋ የታችኛው ድርብ ጋ ለመድረስ ይከብዳታል፣ ቴሌኖመስ ሬመስ ግን ታች ያለውንም ታገኘዋለች፣ አንዷ ሴት በዕድሜዋ ከ200 በላይ እንቁላል ትወጋለች። መቼ ታመጡልናላችሁ ለሚለው ግን ቃል አልገባልህም፣ ከትሪኮግራማ ይልቅ እሷን በብዛት ማርባት ውድ ነው፣ ትሪኮግራማን በእህል የእሳት ራት እንቁላል በቀላሉ ታረባለህ፣ ይቺን ግን በደንብ የሚመቻት የተምችና የዘመዶቹ እንቁላል ነው፣ ስለዚህ ተምችን ራሱን ላብ ውስጥ ማርባት አለብህ ማለት ነው። ተምች ደግሞ እርስ በርሱ ይበላላል።

እስከዛው አንተ ማድረግ የምትችለው ግን አለ። ገበሬው እንቁላል ሲለቅም የጠቆረውን እንዳያፈርጠው ንገረው፣ የጠቆረው ውስጥ ያለችው ተርቧ ናት። ክሬም ወይም አረንጓዴ የሚመስለውን ይጨፍልቅ፣ የጠቆረውን ማሳው ላይ ይተወው። ትሉ ሊፈለፈል ሲል ጭንቅላቱ ከውስጥ ስለሚታይ እሱም ጠቆር ይላል፣ ግን ያ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፣ የተርቧ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀናት ይቆያል።

ዲኤ_ነኝ፦

የጠቆረውን መተው የሚለው ጥሩ ነው፣ ይቺን ነገ እናገራለሁ። ሁሉንም ነበር ስናስፈርጥ የከረምነው። በነገራችን ላይ ትሉ ላይ የምትወጣው ነጭ ክር የምትፈትለዋስ ይቺው ናት?

አባይ_ማዶ፦

አይ እሷ ሌላ ናት፣ ኮተሲያ፣ ብራኮኒዴ ነች። በፈረንጆቹ 2017 እኛው አገር በተደረገ አሰሳ ከትሉ የወጣችው ዋነኛዋ ኮተሲያ አይሲፔ ነበረች፣ እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ትሉን ይዛ ተገኝታለች፣ ማንም ሳይለቃት በራሷ። እንቁላል ላይ አንዷ ትል ላይ ሌላዋ፣ ለአንተ ሁለቱም ያስፈልጉሃል፣ መድኃኒት ከተረጨ ግን ሁለቱም ናቸው የሚያልቁት።

ወሎዬው፦

እኔ ዘልዬ ልግባና፣ ጥቃቅን_ክንፎች እንቁላል ብቻ ነው የሚያጠቁት ካልክ አንበጣስ? በእኛ አቆጣጠር በ2012 አካባቢ የመጣብን አንበጣ እንቁላሉን መሬት ውስጥ ነው የሚቀብረው፣ የሚደርስበት ተርብ የለም?

ጥቃቅን_ክንፎች፦

አለ እንጂ፣ ፋሚሊው ስሙን ያገኘበት ሲሊዮ የሚባለው ጂነስ ራሱ የፌንጣና የአንበጣ እንቁላል ላይ ነው የሚኖረው፣ አፈር ቆፍራ ትገባና የእንቁላሉን ከረጢት ትወጋለች። ሃዋይ ላይ የሸንኮራ አገዳ ፌንጣን ለመቆጣጠር ከማሌዥያ አስመጥተዋት ነበር። ግን ለበረሃ አንበጣ ብዙም ተስፋ አታድርግባት፣ አንበጣው ዛሬ እዚህ ጥሎ የሚቀጥለው ትውልድ ሌላ አገር ነው የሚጥለው፣ ተርቧ የምትበዛው አንድ ቦታ በሚኖር ፌንጣ ላይ ነው።

ከዚህ ፋሚሊ እኔን የምታስደንቀኝ ግን ማንቲባሪያ ናት፣ ጉዳዩ ካልሰለቻችሁ። የሴት ማንቲስ አካል ላይ ትወጣና ክንፏን ትጥላለች፣ ከዛ እናቲቱ እስክትጥል ድረስ እሷ ላይ ተለጥፋ ትጠብቃለች፣ ማንቲሷ እንቁላሏን አረፋ ውስጥ መጣል ስትጀምር አረፋው ሳይደርቅ ወርዳ ገብታ ትወጋለች።

የበቆሎዋ_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ አሁን ነው የገባኝ። የመጨረሻ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ቲሲሱ ላይ በትክክል እንዴት ልጻፈው፣ አማካሪዬን ሳላስቀይም ማለት ነው። ሁለተኛ ስፒሽሷን ሬመስ ልበላት እችላለሁ? ቁልፉ እዛ አያደርሰኝም።

ጥቃቅን_ክንፎች፦

ሁለተኛውን ላስቀድም። አትችይም ገና። ቴሌኖመስ ከ600 በላይ የተሰየሙ ስፒሽስ አሉት፣ አብዛኞቹ ጥቁርና በጣም ጥቃቅን ናቸው፣ የሚለያቸው አብዛኛውን ጊዜ የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው፣ እሱም በስላይድ ተዘጋጅቶ በኮምፓውንድ ማይክሮስኮፕ ነው የሚታየው። ከተምች እንቁላል ወጣች ብቻ ብለሽ ሬመስ እንዳትጽፊ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዛ ነው። ስለዚህ ወንዶቹን አትጣያቸው፣ "ሴቷ ናት የምትጠቅመው" የሚሉሽን አትስሚ፣ ለስም ወንዱ ነው የሚያስፈልግሽ። ለዲኤንኤ የምታስቀምጪያቸውን 95 ወይ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ከትተሽ ፍሪጅ አስገቢ፣ ፎርማሊን እንዳይነካቸው። ለቅርጽ የሚሆኑትን ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ ለጥፊ። ከየትኛው ክምር የትኛዋ እንደወጣች፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን በእርሳስ ጽፈሽ ቱቦው ውስጥ ክተቺው፣ ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ በአልኮል ይለቃል። ስሙ እስኪረጋገጥ ድረስ "ቴሌኖመስ ስፒሽስ" በይ፣ ማንም አይወቅስሽም።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። በላቲን ፊደል ጂነሱን ጻፊ፣ ከጎኑ ቅንፍ ውስጥ ሃይመኖፕቴራ (የተርብ፣ የንብና የጉንዳን ትልቁ ምድብ) ከዛ ሲሊዮኒዴ። የጽሑፍ ዳሰሳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፣ የ2021ዱን ምደባ እንደተከተልሽና ከ2007 በኋላ በወጡ ሥራዎች ይህ ጂነስ ፕላቲጋስትሪዴ ሥር እንደሚገኝ። አማካሪሽ ያቺን ዓረፍተ ነገር ካየ የእሱም ነገር እንደተጻፈ ያውቃል፣ ፈታኙም አያነሳብሽም። ጽሑፍ ስትፈልጊ ደግሞ በፋሚሊው ስም ብቻ አትፈልጊ፣ በሲሊዮኒዴ ብቻ ከገባሽ የአሥራ አራት ዓመት ሥራ ያመልጥሻል፣ በጂነሱ ስም ግቢ፣ ቴሌኖመስ የሚለው በዚህ ሁሉ ግርግር አልተነካም። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዳታቤዝ ላይ የስሞቹን ታሪክ በነፃ ታገኚዋለሽ።

ጉንዳን_ጠባቂ፦

የወንዱን ስላይድ ለማዘጋጀት ካስቸገረሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ክንፏንም አብረሽ፣ የክንፉ ሥር በግልጽ እንዲታይ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አድርጊ።

የበቆሎዋ_ልጅ፦

እሺ ሰኞ ላብ ስገባ አነሳለሁ። አማካሪዬ ዛሬ አንብቦ "ሁለቱንም ጻፊያቸው" አለኝ።